የዊንድመር ፓላስ ደረቅ ገንዳ

ሐጂ አብዱልሐሚድ የሞቱት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ግን ሰጥመው አይደለም። ለመስጠም ውሃ ያስፈልጋል። በዊንድመር ፓላስ ሆቴል ብሮሹር ላይ ገንዳው ሰማያዊ ሆኖ ሲያብረቀርቅ፣ ዳሩ ላይ አንዲት ፈረንጅ ጭማቂ ይዛ ተንጋላ ትታያለች። እውነተኛው ገንዳ ግን ኤርፖርቱ ከአጠገቡ፣ ከስቴፕልተን፣ ተነቅሎ ወደ ምሥራቁ ሜዳ ከሄደ፣ ሆቴሉም እንግዳ ካጣ ወዲህ ጠብታ ውሃ አላየም። የተሰበረ ወንበርና የሻገተ ፍራሽ መጣያ ሆኗል። ሰውዬው ፍራሹ ላይ ቢወድቁ ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የወደቁት ባዶው ሲሚንቶ ላይ ነው።

ያገኘቻቸው ክፍል የምታጸዳው ውድነሽ ናት። የልጃቸው የራኒያ ሠርግ በዚያው ሆቴል አዳራሽ በተደረገ ማግስት፣ ጠዋት፣ የተቀደደ ምንጣፍ ልትጥል በሩን ስትከፍት አየቻቸው። እሪታዋን ሰምቶ የሮጠው የሠርግ እንግዳ ገንዳውን ከቦ ቁልቁል እያየ ሲያለቅስ፣ መርማሪ ፖሊስ ጥሩሰው ደረሰ።

ጥሩሰው መርካቶ ተወልዶ ያደገ፣ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ በፖሊስነት ፀጉሩ የሸበተ፣ እሁድ እሁድ ቸርች ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚዘምር ሰው ነው። ሰኞ ሲሆን ርኅራኄውን እዚያው ትቶት ይመጣል። ሐበሻው "የኛ ሰው ፖሊስ ሆነልን" ብሎ የተደሰተው አንድ ሰሞን ብቻ ነበር። በኋላ እንደታየው ለሀገሩ ሰው የባሰ ነው። የትኛው እንባ የውሸት እንደሆነ ያውቃላ!

"ሁላችሁም ውጡ!" አለ። ለሟች ታናሽ ወንድም ለሙኒብ እንኳ "አላህ ያጽናህ" ሳይል ወደ ገንዳው ወረደ።

ሐጂ በጀርባቸው ነው የወደቁት። እግራቸው ተሰብሯል፣ ከጭንቅላታቸው ሥር ደም ረግቷል። ከሸሚዛቸው ደረት ላይ የተበጠሰ ቁልፍ እላይ ገንዳው ዳር ላይ ተገኘ። ጫማቸው እዚያው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ ካልሲው ውስጡ ተከቷል። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው፣ ሱሪያቸው እስከ ባታቸው ተሰብስቧል።

"ጠጥቶ ሊዋኝ የመጣ ነው" አለ ባልደረባው ሳጅን ኬለር።

"ሐጂ ናቸው፤ አይጠጡም። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሰላት፣ ሊታጠቡ ነው የመጡት። ውዱእ ይባላል።"

"ክፍሉ ውስጥ ባኞ እያለለት እዚህ ድረስ ምን አመጣው?"

"እሱን ነው እኔም ያልገባኝ" አለ ጥሩሰው። ክንዳቸውን ነካ፤ ደረቅ ነው።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ጣቶቻቸውን አሳየው። ጥፍሮቻቸው ተገንጥለዋል፤ ግድግዳው ላይ ተቀምጠው እጃቸው እስከሚደርስበት ድረስ የተቧጠጠ ነገር አለ።

"ወዲያው አልሞቱም" አለ ሐኪሙ። "ረጅም ጊዜ ሳይለፉ አልቀሩም። ሰው ደርሶላቸው ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር።"

ጥሩሰው ወደ ገንዳው ዳር ቀና ብሎ አየ። ወደ ፊት የተራመደ ሰው በጀርባው አይወድቅም፤ የሸሚዝ ቁልፍም በገዛ እጁ አይበጠስም። ሰውዬው ተገፍተዋል፣ የገፋቸውም ሰው ሲያቃስቱ እየሰማ ሄዷል።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሃርለን ክራቫቱን እያስተካከለ ተቀበለው። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። ገንዳው ለጊዜው እድሳት ላይ እንደሆነ ነገረው። ሊፍቱም እድሳት ላይ ነው፣ የክፍሎቹ ማሞቂያም እድሳት ላይ ነው።

"ከሟች ጋር በሠርጉ ላይ ተጣልታችኋል ይባላል" አለው ጥሩሰው።

"አገልግሎታችንን በተመለከተ አስተያየት ሰጥተውኛል።"

"ውሃስ? ዛሬ ንጋት ላይ ውሃ ነበረ?"

"በዊንድመር ፓላስ ሙቅ ውሃ ለደቂቃ ተቋርጦ አያውቅም" አለ ሃርለን፣ ልክ ከብሮሹሩ ላይ እንደሚያነብ። ንጋት ላይ ራሱ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ።

የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ግን የሚረባ ነገር ሰጠ። ገና ሳይነጋ ሙሽራው ጠልሀ ባልዲ ይዞ፣ ሱሪው ርሶ፣ ከገንዳው በር በኩል ሲመጣ አይቶታል።

ጠልሀ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ወጣት ነው። ሐጂ የታክሲ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ገና ሲያስሉ ሰው የሚነሳላቸው ዓይነት። ልጃቸውን ለሾፌር መስጠታቸው እስከ መጨረሻው ከንክኗቸዋል። በዚያ ላይ በሠርጉ ማታ ጠልሀ "ይኼ በረዶ ቤት ነው፣ ሚስቴን ሞንትቤሎ ቤቴ እወስዳለሁ" ሲል "እኔ ያልኩት ቦታ ታድራለህ!" ብለው እንግዳው ፊት ጮኸውበታል።

"ንጋት ላይ የት ነበርክ?" አለው ጥሩሰው።

"ክፍላችን።"

"አልወጣህም?"

ጠልሀ በሩ ላይ የቆሙትን የሙሽሪትን ዘመዶች አየ። ጆሮው ቀላ።

"አልወጣሁም" አለ።

ራኒያ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ የእጇ ሂና ገና ሳይደበዝዝ፣ ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ጥሩሰው ጠልሀ ያለውን ሳይነግራት ጠየቃት። አታላይ ነው፤ ጎበዝ መርማሪም ነው።

"ጠልሀ ከክፍል ወጥቶ ነበር?"

"አዎ። ወጥቶ ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው።"

"ለምን ወጣ?"

አንገቷን ደፋች። "እሱን ይጠይቁት፣ ጋሽ ጥሩሰው።"

"አንቺን ነው የጠየቅኩት።"

"እንዲህ ያለ ነገር አልመልስም። አይ ካንት" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በቃ፣ ያ በቃው። ውሸት፣ ጠብ፣ የራሰ ሱሪ፣ ምስክር። ጠልሀን ሙሽርነቱ በቅጡ ሳይለቀው እጁን አስረው ወሰዱት። ራኒያ ነገሩ የገባት መኪናው ሲነሳ ነው። ባዶ እግሯን በበረዶው ላይ ሮጣ የጥሩሰውን መስኮት ያዘች።

"ዛሬ አባቴን አጥቻለሁ፤ ባሌን ደግሞ ከነሕይወቱ ልትቀብሩብኝ ነው? እሱ አይደለም! ወላሂ እሱ አይደለም! እባክዎ ያጣሩልኝ፣ ጋሽ ጥሩሰው። እድሜ ልኩን ከታሰረ እኔ ምን ቀረኝ?"

"ያልነገርሽኝን ንገሪኝና አጣራልሻለሁ።"

እጇን ከመስኮቱ አነሳች። መስታወቱን ዘጋባት።

ለቅሶው የተቀመጠው አሮጌው ኦሮራ፣ የሐጂ አፓርታማ ውስጥ ነው። ጥሩሰው በሦስተኛው ቀን ከቀብር መልስ ሄደ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ከማህፉዛ አጠገብ ተቀመጠ። ማህፉዛ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የልብስ ሱቅ አላት፤ የሠርጉን ነገር ለመናገር አፏን ሲበላት የሰነበተ ሴት ናት።

"ፓላስ ብለውን እኮ ነው!" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከዲሲ የመጣ እንግዳ ሁሉ ኮቱን ሳያወልቅ በላ። ሩዙ በረዶ! ሊፍቱ ቆሞ ሽማግሌዎቹን በደረጃ ተሸክመን አወጣን። ጣሪያው ደግሞ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ሙሽሪት ላይ ጠብ፣ ጠብ! ሐጂ እንዴት ተናደዱ መሰለህ። ሥራ አስኪያጁን አንቀው አልገደሉትም እንጂ!"

"ሥራ አስኪያጁስ?"

"እሱማ ይስቃል። ሙኒብ ነው የተቸገረው፣ ምስኪን። ጨዋ ሰው! ብሮሹሩን ይዞ እያንዳንዱን ጠረጴዛ እየዞረ ይቅርታ ጠየቀን። የልጆቹ ጠረጴዛ እንኳ አልቀረውም።"

"እሱ ምን አገባው?"

"ሆቴሉን የመረጠው እሱ ነዋ።"

ሙኒብ ለቀስተኛውን ውሃ እያጠጣ ነበር። አርባ አምስት ዓመቱን ያለፈ፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ያለችው፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። ሐጂ ቀድመው አሜሪካ ሲገቡ፣ እናቷ የሞተችባትን ራኒያን ካርቱም ላይ ያሳደጋት እሱ ነው። ፀጉሯን እየሠራ፣ ትምህርት ቤት እያደረሰ። አሁንም ስታለቅስ የምትደገፈው እሱን ነው።

"ወንድሜን አሳጡኝ" አለ ለጥሩሰው፣ እንባው ዱብ ዱብ እያለ።

"ንጋት ላይ የት ነበርክ? ሁሉንም ነው የምጠይቀው።"

"ክፍሌ። ተነሳሁ፣ ሻወር ወሰድኩ፣ ውዱእ አድርጌ ሱብሂን ሰገድኩ፣ ተመልሼ ተኛሁ። የዚያ ሆቴል ነገር ሌላው ሁሉ ውሸት ነው፤ ሙቅ ውሃው ግን አይታማም። ጩኸቱን ስሰማ ነው የወጣሁት።"

ጥሩሰው አመስግኖ ተነሳ። ልቡ ሃርለን ላይ ነበር። ያ ሰው መሳቁ ደስ አላለውም።

በማግስቱ የሃርለን ጎረቤት ጋ ሄደ። ጎረቤትየው ውሻቸውን ሲያናፍሱ፣ የዚያን ቀን ገና ሳይነጋ የሃርለን መኪና ወጥታ ስትከንፍ አይተዋል። ጥሩሰው ሰውዬውን ከቢሮው በሠራተኞቹ ፊት ይዞት ወጣ፤ ጣቢያ ወስዶ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አስቀመጠውና ለብቻው ተወው። እንዲህ ያለው ሰው ሲተዉት ራሱን ይበላል። ሲመለስ ሃርለን ክራቫቱን አውልቆ ነበር።

"ተኝቼ ነበር አልከኝ። ዋሸህ። ሐጂ በሕዝብ ፊት አዋርደውሃል። ገንዳውን ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም። የኮሎራዶ ሕግ በነፍስ ግድያ እስከ ሞት እንደሚያደርስ ታውቃለህ?"

"እኔ አልገደልኩም! ኮሜርስ ሲቲ ነበርኩ!"

"ምን ስትሠራ?"

"ቧንቧ ሠራተኛ ስቀሰቅስ። መጋዘኑ ሄጄ በሩን ስደበድብ ነበር፤ ጠይቁት!" ላቡን ጠረገ። "ዋናው ቧንቧ በብርዱ ፈነዳ። ማታ እንግዶቹ እንደተኙ ነው የተቋረጠው።"

ጥሩሰው ብዕሩን አስቀመጠ። "ምኑ?"

"ውሃው። ከቁርስ በኋላ ነው የተመለሰው። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ጠብታ አልነበረም። እንግዳው ሁሉ ገንዳው ዳር ሲያለቅስ ማን ስለ ውሃ ያወራል?"

"ጠይቄህ ነበር።"

"የጤና ቢሮ ቢሰማ ይዘጋናል! ለሠራተኞቹም ዝም በሉ ብዬ ነበር። ከሞተው ሰው ጋር ምን እንደሚያገናኘው እኔ በምን ላውቅ?"

"አንድ ልጅ ታስሮ እያየህ?"

"ሆቴሌን ማስተዳደር ነው የኔ ሥራ" አለ ሃርለን። ጥሩሰው በጥፊ ሊለው እጁ ተነስቶ ነበር፤ በግድ ነው የመለሰው። ለቧንቧ ሠራተኛው ደወለ። እውነት ነው።

ከዚያ በቀጥታ ጠልሀ ወደታሰረበት ወረደ። ልጁ ዓይኑ አብጦ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነበር። አብረውት የታሰሩት ደብድበውታል።

"ውሃ ፍለጋ ነበር የወጣኸው?" አለው በአማርኛ።

ጠልሀ የተሰነጠቀ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ።

"መርካቶ ነው ያደግኩት። የአዲስ ሙሽራ ጠዋት ያለ ትጥበት እንደማይሰገድበት አውቃለሁ። ውሃው ሄዶ ነበር አይደል?"

"ሄዶ ነበር" አለ ልጁ። "የበረዶ ማሽን አለች፣ ከገንዳው በር አጠገብ። ክፍላችን ውስጥ ያለችውን ባልዲ ይዤ ሄድኩ፤ ስመለስ የቀለጠው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። በረዶውን ቡና ማፍያዋ ላይ እያቀለጥኩ ታጠብን።"

"ይህን ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል ነበር እኮ!"

"ምን ብዬ?" ጠልሀ ድምፁ ተሰበረ። "አባቷ ሬሳ ሆነው፣ ዘመዶቿ በር ላይ ቆመው፣ ትጥበት ነበረብን ልበል? እንዴት ይወጣኛል? በኋላ ለፈረንጆቹ ፖሊሶች ነገርኳቸው። ሆቴሉ ውሃ ነበረ ብሏል እያሉ ሳቁብኝ።"

"ሐጂን አይተሃቸዋል?"

"አላየሁም። ግን…" አለና አቆመ። "የሚያቃስት ነገር ሰምቻለሁ። ማሽኗ ናት ብዬ ሄድኩ። ጋሼ፣ እሳቸው ነበሩ እንዴ?"

ጥሩሰው በሩ እንዲከፈትለት አንኳኳ። ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

ጥሩሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሳ ተቀመጠ። ሐጂ ለምን ወደ ገንዳው እንደሄዱ አሁን ገባው። ቧንቧው ቢደርቅ፣ ብሮሹሩ ላይ ያዩትን ገንዳ አመኑት። ውሃ ያጣ ሁሉ ፈልጓል፤ ሽማግሌውም፣ ሙሽራውም። አንድ ሰው ብቻ ነው በዚያ ንጋት ሻወር ወሰድኩ ያለው። ሙቅ ውሃው አይታማም ብሎ አመስግኖታል እኮ!

ጥሩሰው መሪውን በቡጢ መታው።

ሙኒብ ሲጠራ ሳያንገራግር መጣ። የለቅሶ ቤት ልብሱን እንደለበሰ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

"ክፍልህ ውስጥ አላደርክም" አለው ጥሩሰው።

"አድሬያለሁ። ነግሬሃለሁ እኮ፣ ሻወር…"

"ውሃ አልነበረም፣ ሙኒብ። ቧንቧው ፈንድቶ ነበር። በጠቅላላው ሆቴል ጠብታ አልነበረም።"

ሙኒብ ቀስ እያለ ፈገግ አለ፤ ደስ የማይል ፈገግታ ነው።

"አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ" አለ፣ "ውሃ ነበረ ወይ ብዬ አስቀድሜ እጠይቅ ነበር። አሜሪካ ውሃ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ያውም ፓላስ!"

"የት ነበርክ?"

"ፓርኪንግ። መኪናዬ ውስጥ። ክፍል ገብቼ መተኛት አልቻልኩም።"

"ለምን?"

"ማህፉዛ አልነገረችህም? ይቅርታ ስጠይቅ አመሸሁ እኮ!"

"ጨዋ ነው ብላ ነው የነገረችኝ።"

"ጨዋ!" ሙኒብ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። "ወንድሜ ነው ያዞረኝ። ብሮሹሩን እጄ ላይ አስቀምጦ 'ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ይቅርታ ትጠይቃለህ' አለኝ። በጆሮዬ ነው የነገረኝ፤ ሰው አልሰማም። እኔ ስዞር እሱ ከላይ ተቀምጦ ይቆጥራል። ጨረስኩ ብዬ ስቀመጥ የሕፃናቱ ጠረጴዛ ቀርቷል ብሎ አስነሳኝ። ከእናታቸው ጋር የሚኖሩት የራሴ ልጆች እዚያ ነበሩ። ለገዛ ልጆቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። እነሱም ሳቁ፣ ጨዋታ መሰላቸው።"

"ከዚያስ?"

"ሊነጋጋ ሲል በጎን በር ገባሁ። ገንዳው ጋ ቆሟል፣ እጅጌውን ሰብስቦ። አየኝ። 'ገንዳህንም አየሁልህ' አለ። 'ቁርስ ላይ እንግዳው ሲሰበሰብ ደግመህ ትዞራለህ።' ደግመህ አለኝ! ደረቱን ይዤ ገፋሁት።"

"ሲወድቁ ሕይወታቸው ነበር።"

"በስሜ ጠራኝ።"

"አንተስ?"

"በሩን ዘጋሁት።"

ጥሩሰው ብዙ ጨካኝ አይቷል፤ በዚህ ለስላሳ ድምፅ የሚያወራ ግን አላየም። "ጠልሀንስ? የራኒያን ባል? በእጅህ ያሳደግካት ልጅ እኮ ናት!"

"ልጁ ምንም አላደረገም፣ ይለቁታል ብዬ ነበር።"

"ባይለቁትስ?"

ሙኒብ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ደፋ። "እኔ እኖርላት ነበር" አለ።

ራኒያን ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ጥሩሰው ራሱ ነገራት። ማለሳለስ አይችልበትም፤ "አጎትሽ ነው፣ አምኗል" አላት። አልጮኸችም። ወንበሩን በእጇ እየፈለገች ተቀመጠች፣ ከዚያ "ጠልሀስ?" አለች።

"አሁን ይወጣል።"

ሂናዋን ደጋግማ አሸች። ነጠላዋን አስተካከለች። ምን ትላለህ፣ ሙሽራ ናት።

ጠልሀ ቀበቶውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ወጣ። እናቱ ውጭ መኪናዋን አስነስታ ትጠብቃለች። ራኒያ ሮጣ ሄዳ ያበጠ ፊቱን ልትነካ ስትል እጇን ያዘው።

"ከክፍል ወጥቷል ብለሽ ነገርሻቸው።"

"እውነቱን ነው የተናገርኩት። ወጥተሃል እኮ!"

"ለምን እንደወጣሁስ?"

"አፈርኩ" አለች። "ጠልሀ፣ አንተም አፍረህ ነው የዋሸኸው። ሴይም ቲንግ እኮ ነው።"

"እኔ ያፈርኩት በመጀመሪያው ቀን ነው። ታስሬ ሲደበድቡኝ ሁሉንም ተናግሬያለሁ። አላመኑኝም። የሚያምኑት አንቺ መጥተሽ 'አዎ፣ ውሃ አልነበረም' ብትይ ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጠሽ ታለቅሺ ነበር፣ የአባትሽ ገዳይ ውሃ እያጠጣሽ!"

"አላወቅኩም! ወላሂ አላወቅኩም!"

"አውቃለሁ" አለ ጠልሀ። እጇን ለቀቀ። ጥሩሰውን አንድ ጊዜ አየው፤ ምስክር ይሁነኝ እንደሚል ሰው። "ፈትቼሻለሁ፣ ራኒያ።"

ወጣ። የእናቱ መኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

ጥሩሰው ሰው ማጽናናት አያውቅም። ውሃ ላምጣልሽ ሊላት ፈልጎ፣ ቃሉ ራሱ አሳፍሮት ዋጠው። ራኒያ ግን አላለቀሰችም። ከበሩ ወደ እሱ ዞረች።

"ጋሽ ጥሩሰው" አለች፣ "ማንም የለኝም አሁን። አጎቴን ዛሬ ማየት ይቻላል?"

"ራኒያ፣ አባትሽን የገደለው…"

"ሰምቻለሁ። ዛሬ ማየት ይቻላል ወይ ነው የምልዎት?"

"ከሰዓት በኋላ ይፈቀዳል" አላት።

እሺ ብላ፣ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።